የሰርክአዲስ ሲጋራ

ሰርክአዲስ በእንጅባራ እሳት አደጋ ሠራተኞች መካከል ያለች ብቸኛዋ ሴት ነበረች። በ2006 ዓ.ም. ስትቀጠር ሰፈሩ ሁሉ ጉድ አለ። እናቷ ካሳነሽ ልብሷን ባጠበች ቁጥር ጢስ ጢስ ይሸታታል። "ይሄ እሳት ሊጨርስሽ ነው" እያለች ደጋግማ በሳሙና ታሸዋለች። ሌላ ነገር ይኖራል ብላ አስባ አታውቅም።

አንድ የሁዳዴ ቀን፣ ልጇ እህል ሳትቀምስ መዋሏ አንገብግቧት ሽሮ በሳህን ይዛ ወደ ጣቢያው ሄደች። ዘበኛው "ከቦቴው ጀርባ ናቸው" አላት። ቦቴውን ዞራ ስታይ፣ ሰርክአዲስ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጣ ሲጋራ ታጨሳለች።

ካሳነሽ ክው አለች። ሳህኑ ከእጇ ወደቀ።

"በስመ አብ! ሰርኬ፣ አንቺ ነሽ?"

ልጅቷ ሲጋራውን ጣለችው። አጠገቧ የቆሙት ወንዶች እጃቸውን ወደ ኋላ ደበቁ፤ ጢሱ ግን ከየጀርባቸው ይወጣል። ስማቸው የሚባለው የቡድኑ መሪ እንኳ፣ ያ ሽበታም ሰውዬ፣ እንደ ተማሪ እጁን ደብቋል።

"ሁላችሁም?" አለች ካሳነሽ።

"ሁላችንም" አለ ስማቸው አቀርቅሮ። "ለሷ የመጀመሪያዋን የሰጠኋት እኔ ነኝ፣ እትዬ ካሳነሽ።"

"ልጄን አደራ ብዬዎት አልነበረም? ምን ነካዎት?"

"እሱን ተይው፣ እማዬ" አለች ሰርክአዲስ። "አዲስ ቅዳም ከተማ የከሰል መጋዘን የተቃጠለ ጊዜ ትዝ ይልሻል?"

"ሰው አልተጎዳም ያልሽኝ?"

"ዋሽቼሽ ነው። አንዲት ሴት ከነልጇ ውስጥ ነበረች። ሬሳቸውን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሕፃኑን ከእቅፏ ማላቀቅ አቃተን። የመጀመሪያዋን ሲጋራ ያጨስኩት የዚያን ቀን ማታ ነው።"

ካሳነሽ አፏን በሁለት እጇ ይዛ ቀረች። የዚያን ቀን ልብስ በገዛ እጇ ነው ያጠበችው፤ ከጎረቤት ጋር እየተሳሳቀች። ስማቸው ደግፎ ጎማው ላይ አስቀመጣት።

ሰርክአዲስ ሲጋራውን ወዲያው አልተወችም። ሳምንታት ትታገሥና፣ አንድ ከባድ አደጋ ሲመጣ ትመለስበታለች። ግን ከሥራ ስትገባ ያየችውን ለእናቷ መንገር ጀመረች። ካሳነሽ መስማቱን አልለመደችውም፤ በሰማች ቁጥር ትደነግጣለች፣ ታማትባለች። ሆኖም "በቃኝ" ብላ ልጇን አስቁማት አታውቅም።