የገለበጥኩት ላስቲክ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ሁዳዴ በገባ ቁጥር ለነፍስ አባቴ ስናዘዝ እንኳ ሌላውን ኃጢአቴን ሁሉ እዘረዝርና ይህን አንዱን እውጠዋለሁ። አሁን አርጅቻለሁ። እናንተ የምታነቡት ፍረዱ።

ነገሩ የሆነው በንጉሡ ዘመን፣ በሃምሳዎቹ መጨረሻ፣ ፍኖተ ሰላም ላይ ነው። ስሜ ይስማው ነው፤ የወፍጮ ቤት ሞተረኛ ነበርኩ። ሚስቴ በወሊድ ከነልጇ ሞታብኝ ቤቴ ጭር ብሎ ነበር። በሬን ዘግቼ ስቀመጥ የሚሰማኝ የራሴ ትንፋሽ ብቻ ነው።

አያ ደምሴን ያገኘኋቸው ያኔ ነው። አዲስ አበባ የአውሮፕላን መካኒክ ሆነው ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ወደ አገራቸው የተመለሱ ሰው ናቸው። ከተማው ዳር ባለ መጋዘን ውስጥ በገዛ እጃቸው አንድ ሰው የሚይዝ አውሮፕላን ይሠሩ ነበር። አጥንቱ የጽድ እንጨት፣ ቆዳው ቀለም የጠጣ አቡጀዲ፣ ሞተሩ ከተጣለ አውሮፕላን የተነሣ። ሰው «አበዱ» ይላል። እኔ ግን ከወፍጮ ስወጣ ወደ ቤቴ መሄድ ትቼ ወደ እሳቸው መሄድ ጀመርኩ። አብረን እንሠራለን፣ አብረን እንበላለን። ሥራው ወደ ማለቁ ሲቃረብ ግን ፍርሃት ገባኝ። ሲጨርሱ እየበረሩ አዲስ አበባ፣ ልጆቻቸው ዘንድ እንደሚሄዱ ነግረውኛል። እኔስ? እኔ ወዴት ልመለስ ነው?

ያ ሞተር ውሃ የለውም፤ የሚያቀዘቅዘው ነፋስ ብቻ ነው። ነፋሱ በአውሮፕላኑ አፍንጫ ላይ ባሉት ሁለት ቀዳዳዎች ይገባል። በሞተሩና በክዳኑ መካከል ያለው ክፍተት በላስቲክ ካልተደፈነ ግን ሞተሩን ሳይነካ ያመልጣል። «ነፋስ ሰነፍ ነው፣ ይስማው፤ ቀላል መንገድ ካገኘ ሥራ አይሠራም» ይሉኝ ነበር። ድፈናውን ለእኔ ሰጡኝ። ከጭነት መኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ እየቀደድኩ ዙሪያውን አሰርኩ። የላስቲኩ ጠርዝ ነፋሱ ወደሚመጣበት መታጠፍ አለበት፤ ያኔ ነፋሱ ራሱ እየገፋ ከክዳኑ ጋር ያጣብቀዋል። ተገልብጦ ከታጠፈ፣ ሞተሩ ሲቆም የተዘጋ ይመስላል፣ ነፋስ ሲገፋው ይከፈታል።

እኔ ገለበጥኩት። አውቄ ገለበጥኩት። አንድ እሑድ እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ሳሉ፣ በስተኋላ ዓይን የማይደርስበትን ላስቲክ ፈትቼ፣ አዙሬ፣ መልሼ አሰርኩት።

ምን ነበር ያሰብኩት? ሞተሩ መሬት ላይ ሲሞከር እንዲግል፣ ሥራው እንዲራዘም፣ ጥቂት ቀን እንዲጨመርልኝ። እንዳሰብኩትም ሆነ። ሞተሩ ይግላል፤ አያ ደምሴ ያጠፉታል፤ ክዳኑ ሥር እጃቸውን ሰደው በጣታቸው ይዳስሳሉ፤ ሁሉም ተዘግቷል። ቀዳዳዎቹን አሰፉ፣ ሒሳባቸውን ደግመው ሠሩ። ክረምቱ እንዲህ አለፈ። ለመናገር አፍራለሁ እንጂ፣ በዕድሜዬ እንደዚያ ክረምት የተደሰትኩበት ጊዜ የለም።

ጥቅምት ላይ፣ አንድ የገበያ ቀን ጠዋት፣ «የሚግለው መሬት ላይ ስለቆመ ነው፤ ሰማይ ላይ ነፋሱ ይበዛለታል» አሉ። ያን ጊዜ አፌን መክፈት ነበረብኝ። «አያ ደምሴ፣ ትንሽ ቢቆዩ» ብቻ አልኩ። «እስከ መቼ?» ብለው ሳቁና ወጥተው ተቀመጡ። ፕሮፔለሩን ያዞርኩት እኔ ነኝ። በእነዚህ እጆቼ።

ተነሡ። ከቡሬ መንገድ በላይ ሲያልፉ ገበያተኛው እልል አለ። ከዚያ የሞተሩ ድምፅ ተንተባተበና ጸጥ አለ። ኑግ ማሳ ውስጥ ወደቁ። ስንደርስ ነፍሳቸው አለች፤ እግራቸው ግን ተሰብሯል። ሰዎቹ በቃሬዛ ተሸክመው ወደ መኪና ሲሮጡ፣ እኔ «ሞተሩን ልጠብቅ» ብዬ ቀረሁ። ለምን ይመስላችኋል? ብቻዬን ስሆን ላስቲኩን እንደሚገባው አድርጌ መለስኩት። የፊተኛውን ብቸኝነት አሠራኝ እንበል። ይህንንስ?

ከሆስፒታል እያነከሱ ሲመለሱ ስብርባሪውን አንድ ባንድ መረመሩ። ላስቲኩ ጋ ሲደርሱ በጣታቸው ነካ አድርገው «አንተ አደራህን ተወጥተሃል፤ የሳትኩት እኔ ነኝ» አሉ።

ከዚያ ወዲያ የሥራ ዕቃ አልነኩም። ቡሬ ባለ ሱቅ ወንድማቸው ዘንድ ገቡና ሱቁ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ይውሉ ጀመር። አልፎ አልፎ ልጠይቃቸው እሄዳለሁ፤ የምናወራው ግን አጣን። ለመጨረሻ ጊዜ የሄድኩ ዕለት አንዲት ሴት የተበላሸ የስፌት መኪናዋን አሸክማ መጣች። አያ ደምሴ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱ።

«ለይስማው ስጪው። የኔ እጅ አይታመንም» አሏት።

ሠራሁት። ፊታቸው ቁጭ ብዬ ሠራሁት። ሲያዩኝ ቆዩና «እግዜር እጅህን ይባርከው» አሉኝ። አሜን አልኩ።

በዚያው ዓመት አረፉ። ብቻዬን ስለነበርኩ ነው አልልም፤ ብቸኛ ሰው ሁሉ ወዳጁን አይሰብርም። ይቅር በሉኝም አልላችሁም። መናገር የምችልበት ቀን ነበረ፤ እኔ ግን ምርቃታቸውን ተቀብዬ ሄድኩ።