እናቴ ያልተሳለችው ስእለት

ቢቸና ውስጥ የሚያውቁኝ ሰዎች ታታሪ ነው ይሉኛል። ይበሉ። ጠዋት ከጥበቃው ቀጥሎ ቢሮ የምገባው እኔ ነኝ፤ ባልደረባዬ ለቅሶ ሲሄድ የእሱን ፋይል ደርቤ የምሠራው እኔ ነኝ፤ ባለፈው ደግሞ አለቃችን ስብሰባ መሃል አስነስቶ አስጨበጨበልኝ። ታዲያ ሰው «ሰነፍ» ተብሎ ሲሰደብ በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላና ጣልቃ እገባለሁ። ለተሰደበው ያዘንኩ ይመስላቸዋል። ምን ቆርጦኝ! የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ስንፍና በሚሉት ነገር ውስጥ ሰው ምን ምን እንደሚደብቅ አውቃለሁ፤ ደብቄበታለሁና።

ዲግሪዬን ይዤ ከሞጣ ወጣ ብሎ ወዳለው ቀበሌያችን የተመለስኩት አባቴ በሞተ በሁለተኛው ዓመት ነው። ቤት ውስጥ እናቴና ታናሽ እህቴ ነበሩ። እህቴ ሞጣ ከሁለት የሰፈር ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ አሥራ አንደኛ ክፍል ትማራለች። እሑድ እሑድ የሳምንት እንጀራዋን ጠቅልላ ትሄዳለች፤ ሐሙስ ላይ ይደርቅባትና ውሃ እየነካካች ትበላዋለች። ያ እንጀራ የሚወጣው ቁልቁለቱ ላይ ካለችው ከአንዲት የጤፍ ማሳችን ነው። ጤፉ ከገባ ትማራለች፤ ካልገባ አትማርም። ይህንን ሦስታችንም እናውቅ ነበር።

እኔ እተኛለሁ። ፀሐይ በር አልፋ ጓዳ እስክትገባ እተኛና ተነስቼ ስልኬን እነካካለሁ። ሞጣ ሰሌዳ ላይ የሥራ ማስታወቂያ ወጥቷል ሲሉኝ «ነገ አየዋለሁ» እላለሁ። እናቴ አትሳደብም። «አእምሮው ደክሞት ነው፤ ትምህርት እኮ ቀላል ነገር አይደለም» ትላለች ለጎረቤት። አእምሮዬ መች ደከመውና! ኳስ ያለ ቀን ሞጣ ድረስ በእግሬ ደርሼ እመለስ ነበር፤ ያውም እየዘፈንኩ። የሚደክመኝ ቤት ስገባ ነው።

ከመኝታ የሚያስነሳኝ ወንፈል ብቻ ነበር። በእኛ አገር አጨዳን ብቻውን የሚወጣው የለም። አሥራ አንድ ቤት ይቧደንና ከየቤቱ አንድ አንድ ሰው እየተዋጣ ዛሬ የአንዱ፣ ነገ የሌላው ማሳ ላይ ይወርዳል። የሰው ማሳ ላይ የዋለ ለራሱ ማሳ ሰው ያገኛል። የእኛ ቤት ሰው እኔ ነበርኩ። ሄድኩ፣ አልዋሽም። የመጀመሪያው ቀን የገብስ አጨዳ ነበር፤ ማሳው ደግሞ ከመኪናው መንገድ ዳር። አብረውኝ የተማሩ ልጆች በባጃጅ ሲያልፉ አዩኝ። «ዲግሪ! በርታ እንጂ!» ብለው ጮኹና ሳቁ። እኔም እንዳጎነበስኩ ሳቅኩ። ጆሮዬ ግን እንደ ፍም ነደደ። ያን ቀን የመንገድ ዳር ማሳ ላይ ዳግመኛ ላልታይ ለራሴ ማልኩ።

ቀጣዩ የመንገድ ዳር ተራ ጥቅምት አሥር ላይ ዋለ። ተራ የሚያወጡት ሽማግሌ ጎረቤታችን በዋዜማው ደጃችን ድረስ መጥተው «ነገ በጠዋት እንዳትቀር» ሲሉኝ አፌ ቀደመኝ።

«እማዬ ወር በገባ በአሥረኛው ቀን መስቀልን ላከብር ብላ ተስላለች። ከቤቷ ሰው ማጭድ የሚያነሳ የለም» አልኳቸው።

እናቴ ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ነበር። ሚካኤልን፣ ማርያምን፣ መድኃኔዓለምን የማያከብር የለም፤ በአሥር ቀን ግን ሰፈሩ ሁሉ ሥራ ይውላል። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ስለምን ጉዳይ ተሳሉ?»

«እኔ ሥራ እንዳገኝ።»

«መስቀሉ ይስማቸው» አሉ፣ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «በሆዷ የያዘችው ነው፤ እንዳያነሱባት» አልኩ ደግሞ። እሺ ብለው ሄዱ። ወይ ጉድ፣ እንዲህ ቀላል ነው እንዴ ብዬ ተመልሼ ተኛሁ። ኅዳር አሥር ላይ ጭራሽ የጠየቀኝም የለ፤ ዘለውኝ ወረዱ። ሌሎቹን ቀናት እየተነጫነጭኩም ቢሆን እሄድ ነበር። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ እኔም የቀለለልኝ መስሎኝ ነበር።

ታኅሣሥ ገባ፣ ጤፋችንም ደረሰ። እናቴ ተራ ቆጠረችና «አሥር ቀን የእኛ ነው» አለች። እህቴን ከትምህርት አስቀርታ አስመጣቻት። ሁለቱ ጠላ ጠመቁ፣ የጾም ወጥ ሠሩ፣ ዕቃ ከጎረቤት ተዋሱ። እኔ ግን «አሥር ቀን» ስትል የፈጠርኩት ስእለት ትዝ አለኝ። ሄጄ ለሽማግሌው መንገር ነበረብኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ነበረኝ። ቤታቸው ደግሞ ከደጃችን ቢጣሩ የሚሰማ ነው። ነገ አልኩ። ነገም ሲደርስ ለማታ አልኩ።

በአሥር ቀን ጠዋት አንድ ሰው አልመጣም። እናቴ መቀነቷን አጥብቃ ደጅ ቆማለች። ከጅረቱ ማዶ የአጫጆች ሆታ ተሰማ፤ ከእኛ ቀጥሎ ተራ ያለው ሰውዬ ማሳ ላይ ወርደዋል።

«ምን በደልኳቸው?» አለች። «ማንን አስቀየምኩ? ባሌ ቢሞት ሰው አይደለሁም እንዴ?»

እህቴ ሰማዩን እያየች ነበር። ከዓባይ በኩል ደመና ተነስቷል። «ቶሎ በሉ፣ ይሄ ነገር አላማረኝም» አለች።

«ሂድና ምን ሆነው እንደሆነ ጠይቅልኝ እስቲ፣ ልጄ» አለችኝ እናቴ።

ወጣሁ። ከቤታችን እስከ ጅረቱ ቁልቁለት ነው፤ ከጅረቱ እስከ እነሱ አንድ አጭር ዳገት። «ዋሽቻችሁ ነው፤ እናቴ አልተሳለችም፤ ኑ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ቢስቁ ይሳቁ፣ ቢሰድቡኝ ይስደቡኝ፤ ያ ሁሉ ማጭድ ማሳችንን ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን ያነሳዋል። ጅረቱ ዳር ደረስኩና ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ትንሽ ልረፍ አልኩ። ከምኑ ነው የማርፈው?

ስለዚያ መቀመጥ ብዙ አስቤአለሁ። እግሬ አልዛለም፣ አላመመኝም፣ መንገዱ አልጠፋብኝም። ከማዶ የሰዎቹ ድምፅ ይሰማኛል፤ ቀና ስል ደመናው ቀርቧል። በአንድ በኩል የእህቴ ትምህርት፣ በሌላ በኩል የእኔ ፊት ነበር፤ እኔም ፊቴን መረጥኩ። ያኔ ግን መምረጤን ለራሴ አላመንኩም። ታከተኝ ነው ያልኩት። ታከተኝ የሚል ቃል ለእንዲህ ያለ ጊዜ እንዴት ይመቻል! ሰው ክፉ ነኝ ከሚል ደክሞኛል ቢል ይቀለዋል። አንድ ሰዓት ያህል ተቀምጬ ዳገቱን ሳልወጣ ተመለስኩ።

«ነገ እንመጣለን ብለዋል» አልኩ።

እናቴ ማጭዷን አነሳች። ሦስታችንም ወረድን። እህቴ እንደዚያ ስታጭድ አይቼ አላውቅም፤ ቀና አትልም። የማሳውን አንድ ጥግ እንኳ ሳናነሳ፣ ከቀትር በኋላ፣ መጀመሪያ ነፋሱ መጣ። ከዚያ ዝናቡ። ያጨድነውን በላስቲክ ሸፈንን፤ የቀረው ዓይናችን እያየ ተጋደመ። በማግስቱ ዘነበ። በሠልስቱ ሚካኤል ነው፤ እሱንም ሙሉ ቀን ዘነበ። ፀሐይ ስትወጣ ጤፉ ጭቃ ላይ ተነጥፎ፣ ግማሹ ረግፎ፣ ግማሹ እዚያው በቅሎ አገኘነው። እናቴ አንድ እፍኝ አንስታ በመዳፏ አሸችው። «አይ» ብቻ አለች። እህቴ ማሳው ውስጥ ቁጢጥ ብላ አለቀሰች። እኔ የት እንደምቆም ጠፋኝ።

ሽማግሌው ከሌሎቹ ጋር ሊያጽናኑ መጡ። ገና ሳይቀመጡ ጀመሩ።

«አፈር ልብላልዎ! ስእለትዎን አክብረን እኮ ነው። በመስቀሉ ቀን ማሳዎን ብንነካ፣ ለልጅዎ ሥራ የለመኑት ልመና ይበላሻል ብለን ነው። በማግስቱ ልንመጣ ተነጋግረን ነበር፤ እግዜር አልፈቀደም።»

እህቴ ወደ እኔ ዞረች። እናቴ አልዞረችም።

«አዎ» አለች ቀስ ብላ። «ተስያለሁ። እናንተ ምን አጠፋችሁ?» ተነስታ ጠላ ቀዳችላቸው፤ ለአጨዳው የተጠመቀውን ጠላ።

ሰዎቹ ሲወጡ መደቡ ላይ ተቀመጠችና እጇን እያየች ጠየቀችኝ።

«መቼ ነው የተሳልኩት?»

«በጥቅምት።»

«በል እንግዲህ። አንዴ በመስቀል ስም ተጠርቷል፤ እኔ አልሽረውም።»

ከዚያ ወዲህ በአሥር ቀን እንዝርት እንኳ አታነሳም። የአብዬን ወደ እምዬ እንዲሉ፣ የእኔን ጥፋት በእሷ ላይ ለከክኩባት፤ እሷም ዝም ብላ ተሸከመችው። ብትረግመኝ ደስ ይለኝ ነበር። በጥፊ ብትለኝ እጇን እስም ነበር። እሷ ግን ራቴን አቀረበችልኝ፣ እኔም በላሁ።

ጥር ላይ እህቴ ከሞጣው ክፍል ዕቃዋን አወጣች። አንዲት የሰፈራችን ሴት አዲስ አበባ ሰው ቤት ሥራ አገኘችላት። መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። አውቶቡሱ እስኪሞላ ጎን ለጎን ቆመን ቆየን፤ አላስችል ሲለኝ «ስንፍናዬ ነው፣ እህቴ፤ ይቅር በይኝ» አልኳት።

«ተው እባክህ!» አለችኝ። ዓይኗ ደረቅ ነበር። «ሰነፍስ አይደለህም። ሰነፍ ሰው ተኝቶ ይቀራል እንጂ እናቱ ያልተሳለችውን ስእለት ቁጭ ብሎ አይፈጥርም። ሦስት ወር ሙሉ ለፍተህበታል። ለእኛ መልፋት ነው ያልፈለግከው።»

አውቶቡሱ ሲሞላ ዕቃዋን አቀበልኳት። ስለ ስንፍና ብዙ ሲወራ እሰማለሁ፤ ተነሳሽነት ይሉታል በስልጠና ላይ፣ ሰሌዳ ላይ ቀስት እየሣሉ። እህቴ መናኸሪያ ቆማ ከተናገረችው በላይ የሚያውቅ አሠልጣኝ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

በዓመቱ ሥራ አገኘሁ፤ ቢቸና። ሰፈሩ «ስእለቷ ሰመረ!» ብሎ አብሯት ተደሰተ። እናቴ ጃንጥላ ገዝታ ለቤተ ክርስቲያን አስገባች፤ ሴቶቹ እልል አሉ፣ እሷም አብራ እልል አለች። ፊቷን ላለማየት ከሰው ኋላ ቆምኩ። ሽማግሌው ትከሻዬን ይዘው «አየህ፣ እናት ማለት!» አሉኝ። «አየሁ» አልኳቸው።

ያን ዕለት ለእህቴ ደወልኩላት።

«እንኳን ደስ አለህ» አለች። ከልቧ ይሁን አይሁን መለየት አልቻልኩም። ቀጥላም «እማዬ አሥር ቀንን አሁንም ታከብራለች?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ደግ አደረገች። እኔ ያለሁበት አሥር ቀንም የለ፣ እሑድም የለ።»

ትምህርቱን በማታ ጀምሪ፣ እኔ አለሁልሽ፣ ልላት ነበር። ቃሉን አዘጋጅቼ ነው የደወልኩት። ከጀርባዋ የሴት ድምፅ ስሟን ጠራ፤ አንዴ፣ ያውም በዝግታ።

«አቤት፣ እትዬ! መጣሁ!» አለች። ዕቃ ስታስቀምጥና ስትሮጥ ሰማሁ። ስልኩን መዝጋት እንኳ ረስታው ነበር።