የፌዴራል ጭላዳ፣ የክልል ገብስ

ደባርቅ ውስጥ የወረዳው ግብርና ባለሙያ ነኝ። አምና ጥቅምት ላይ ፓርኩ ዳር ካለው ቡይት ራስ አጠገብ ጭላዳ ዝንጀሮዎች የአባ ወርቁን ገብስ እየበሉ ነው ተብሎ ተላክሁ። በእግሬ ስደርስ ከፌዴራል የተመደበው የፓርኩ ኃላፊ ካሳሁን በአዲስ መኪና ቀድሞኛል። ሰው ሁሉ እሱን ከቦ ቆሟል፤ ወደ እኔ ዞር ብሎ ያየ የለም። ቅናት አንገበገበኝ።

«በውሻ ላባርራቸው?» አሉ አባ ወርቁ።

«አይቻልም፤ እንስሳቱ የፌዴራል ናቸው» አለ ካሳሁን።

«ማሳው ግን የክልሉ ነው። ያባሯቸው አባ» አልሁ። እውነቱን ለመናገር ከገብሱ ይልቅ ያናደደኝ መኪናው ነበር።

እኛ ስንከራከር የማሳው ዳር ተበልቶ አለቀ። አባ ወርቁ፣ «እናንተ እስክትስማሙ እኔ ምን ልበላ ነው?» ብለው ውሻቸውን ለቀቁት። ጭላዳዎቹም ወደ ገደሉ ወረዱ።

ስንመለስ ካሳሁን በመኪናው አሳፈረኝ። «ፓርኩ እንዲቀጥርህ ያስገባኸውን ማመልከቻ አይቼዋለሁ» አለኝ።

ለሚስቴ እንኳ ያልነገርኋት ነገር ነበር።

«አትደንግጥ» አለ መንገዱን እያየ፤ «እኔም እናንተ ወረዳ አመልክቻለሁ። ‹ያባሯቸው› ስትላቸው እንዴት እንደቀናሁብህ።»