አራት ጆሮ ያለው ሰንጋ

ባለቤቴ ባኬ ጃማ ሰፈር ላይ ሥጋ ቤት የከፈተው ኡኬ ገጠር የነበሩትን ከብቶቹን አንድ ሳያስቀር ሸጦ ነው። ሥራው ካልያዘልን መመለሻ የለንም። ለዚህ ነው በታፔላው የተጨነቀው። የሰፈሩን ቀለም ቀቢ ጠርቶ፣ «ሰንጋ ሣልልኝ፣ ግን ሲያዩት የሚያስፈራ» አለው። ቀለም ቀቢውም ፊት ለፊት የሚያፈጥ፣ ግራጫ፣ አፉ አካባቢ ነጣ ያለ፣ ቀንዶቹ ቀጥ ብለው የቆሙ ጭንቅላት ሣለ። ጆሮውን ረስቶታል።

ታፔላው የተሰቀለ ዕለት ቀና ብዬ ባይ፣ አበስኩ ገበርኩ! አህያ! ጆሮዋን ቀስራ ቁልቁል ታየኛለች።

«እንዴት ነው?» አለኝ ባለቤቴ፣ ፊቱ በደስታ በርቶ።

እኔ ደግሞ ሆዴ ውስጥ ነገር አያድርም። «ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ይሄ አህያ ነው!»

«ሀሬ?» አለ። ሲናደድ አማርኛው ይጠፋውና ኦሮምኛው ይቀድመዋል። «ሀሬ? ቀንዱ አይታይሽም?»

«የቱ ቀንድ? ጆሮ ነው እንጂ!»

የዚያን ቀን ራቱን ሳይበላ ተኛ።

እኔ ብቻ ብሆን ምን ነበረበት። ሰፈሩ ሁሉ ለሁለት ተከፈለ። መጀመሪያ በሃይማኖት የሚለይ መስሎኝ ነበር፣ የለም። ቄሱ ሰንጋ አዩ፣ ዲያቆኑ አህያ አየ። የጴንጤዎቹ መዘምራን ቆመው ሲከራከሩ ልምምዳቸው አለፈባቸው። አንዲት ጎረቤታችን ከባሏ ጋር እዚያው በራፋችን ላይ ተኮራርፋ፣ እሷ በላይ መንገድ እሱ በታች መንገድ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ሰንጋ ያየው ይገዛል፤ አህያ ያየው ግን አፍንጫውን ይዞ ያልፋል። ፋሲካ እንኳ መጥቶ ሥጋችን ተሰቅሎ ዋለ። ባለቤቴ ቢላውን ይስላል፣ የሚቆርጥለት የለም፣ መልሶ ይስላል። አንጀቴን በላው።

ቀለም ቀቢው ተጠራ። «ጆሮ ረስቼ ነው፣ ቀላል ነው» ብሎ ከቀንዶቹ ሥር ሁለት ጆሮ ጨመረ። በማግስቱ ከገበያ የምትመለስ ሴትዮ ቆም ብላ ጭንቅላቷን ያዘች። «ያ ዋቃ! ሀሬ ጉራ አፉር!» አለች። አምላኬ፣ አህያው አሁን አራት ጆሮ አወጣ ማለቷ ነው።

ባለቤቴ ባሰበት። ከሥሩ በትልቁ «ሰንጋ» ብሎ አጻፈበት፤ ቃሉ በአማርኛም በኦሮምኛም ያው ስለሆነ ማንም አይሳሳትም ብሎ። እርፍ! «ሰንጋ ከሆነ መጻፍ ለምን አስፈለገ?» ተባለ። ከዚያ ወዲህ ሰንጋ ሲያዩ የነበሩትም መጠራጠር ጀመሩ።

መጨረሻ ላይ ሽማግሌ ተጠራ። ባልና ሚስት የሚያስታርቁት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን አጣፍተው ከታፔላው ሥር ቆሙ። አንገታቸውን ወዲህ አሉ፣ ወዲያ አሉ፣ መነጽር ተዋዋሱ። አልተስማሙም። ሰብሳቢያቸው፣ «ስዕሉን ተዉት፣ ሥጋውን አቅርቡልን» አሉ። ቁርጥ ቀረበ። ባለቤቴ አጠገባቸው ቆሞ እያንዳንዷን ጉርሻ በዓይኑ ይከተላል። አንዱ ሽማግሌ ገና እርግጠኛ አልሆንኩም እያሉ ሦስቴ አስጨመሩ።

«ስዕሉ አህያ ነው» አሉ ሰብሳቢው አፋቸውን እየጠረጉ። «ሥጋው ግን የሰንጋ ነው። ጨርሰናል።»

ወይ ጉድ! ከዚያ በኋላ ሰዉን ማን ይቻለው። ስዕሉን ሊያይ የመጣ ተከራክሮ ተከራክሮ ይርበውና ጥብስ ያዝዛል። ከኑኑ ቁምባ ድረስ ለዚሁ የመጣ አለ። ባጃጅ ነጂዎች «አህያው ጋ የሚወርድ!» ይላሉ። የሥጋ ቤቱ ስም አህያው ሆኖ ቀረ።

እንጀራችን ተገኘ፣ የባለቤቴ ቅስም ግን አልዳነም። ጠዋት ጠዋት ሲከፍት ቀና ይልና፣ «ዛሬስ?» ይለኛል።

«አህያ ነው፣ ምን ላድርግህ?»

ብዋሽለት ደስ ይለኝ ነበር። ግን ሳልጨርስ ከፊቴ ያነብብኛል።

አንድ ቀን ሚጥሚጣ ይዤ ስመጣ ዝናብ ያዘኝና ከታፔላው ሥር ተጠለልኩ። ቀና አልኩ። በስመአብ! ሰንጋ! ያ ትልቅ፣ የተቆጣ፣ ቀንዱ ሰማይ የሚወጋ ሰንጋ! እንዴት ሳላየው ኖርኩ? ሚጥሚጣውን እንደያዝኩ ሮጬ ገባሁ። ቤቱ ጢም ብሏል።

«ታየኝ!» ብዬ ጮህኩ። «ሰንጋ ነው! ወላሂ ሰንጋ ነው!»

የሚበላው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ባለቤቴ ቢላውን አስቀምጦ መጣና ክንዴን ይዞ ወደ ጓሮ ወሰደኝ።

«እውነት?» አለኝ በሹክሹክታ።

«እውነት።»

«ቀንዱም?»

«ቀንዱም።»

ዓይኑ እንባ ሞላ። ሽርጡን አንስቶ ፊቱን ጠረገ። ከዚያ በበሩ ቀዳዳ ክርክሩን ብሎ የተሰበሰበውን ሰው አየ፣ እኔን አየ።

«በይ አሁን ግቢና» አለኝ፣ «አህያ ነው፣ ተሳስቼ ነው በያቸው።»