በየጣሪያው የተሰቀለው ቋንጣ

ወንድሜ ከሞተ ገና ወር አልሞላውም። ከየት እንደምጀምር አላውቅም። ከበሬው ልጀምር።

ቤታችን በቡሬና በፍኖተ ሰላም መካከል፣ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው። እኔ ፍኖተ ሰላም ቤት ተከራይቼ እማራለሁ። ታላቅ ወንድሜ ከአባታችን ጋር ያርስ ነበር። ነበር ማለት አልለመድኩም።

ስንቅ ልወስድ በመጣሁበት ቅዳሜ የጎረቤታችን በሬ መስክ ላይ ሲግጥ ውሎ በድንገት ወደቀ። ነፍሱ ሳትወጣ በካራ ደረሱለት። ደሙ ጠቆር ያለ ነበር፣ ቶሎም አልረጋም። ሁላችንም አይተናል፤ ማንም ምንም አላለም። እኛ ዘንድ በሬ የወደቀበት ሰው ብቻውን አይተውም። ጎረቤት ሥጋውን በመደብ ተካፍሎ ገንዘብ ያዋጣለታል፣ በዚያም ሌላ በሬ ይገዛል። አልፈልግም ማለት ነውር ነው።

ቆዳውን ሲገፍ የዋለው ወንድሜ ነበር። ጎረቤታችን ከጉበቱ ቆርጠው በእጃቸው አጎረሱት።

«ብላ ልጄ፣ ቀድመህ የደረስክልኝ አንተ ነህ።»

ወንድሜ እያላመጠ ወደኔ ዞረ። «ለተማሪው ጠመኔ ስጡት፣ ጥሬ ሥጋ አይችልም!» ሰው ሁሉ ሳቀ። እውነቱን ነው፣ ጥሬ አልወድም።

ጎረቤታችን ራሳቸው አልቀመሱም። «ይህን ያህል ዘመን አብሮኝ ያረሰ፣ እንዴት አድርጎ ይወርድልኛል?» አሉ። ሰኞ የሰኔ ጾም ስለሚገባ እናቴም እንደ ሌሎቹ የተረፈውን ዘልዝላ ለጾሙ ፍቺ ሰቀለችው።

ሐሙስ ከትምህርት ቤት ተጠርቼ እዚያው ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ስደርስ ወንድሜ ሆዱ ተነፍቶ ደም ያስመልሰው ነበር። በቃሬዛ እስከ አስፋልቱ፣ ከዚያ በባጃጅ ነው ያመጡት። «ስንቅህ ሳያልቅ መጣሁብህ» አለኝ። በማግስቱ ዐረፈ።

ሐኪሙ ምን እንደበላ ሲጠይቅ አባቴ «የቤት ምግብ ነው» አሉ። የበሬውን ነገር የተናገርኩት እኔ ነኝ። ሐኪሙ ከታመመ ከብት የሚጋባው አባ ሰንጋ ሳይሆን አይቀርም አለ። ሥጋው ቢደርቅም መርዙ አይሞትም፣ አቃጥላችሁ በጥልቁ ቅበሩት አለን።

ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ ቆም አሉ።

«ይቺን ነገር ዋጣት ልጄ። ሰውዬው አለመቅመሳቸውን አገር አይቷል። አጎትህ ቢሰማ አውቀው ነው ያበሉት ይላል። አንድ ልጅ ቀብሬ ደግሞ ሌላ ደም አላይም።»

«ቋንጣውስ፣ አባባ?»

«ጾም አይደል? ማን ይበላዋል?»

ለቅሶው ላይ ጎረቤታችን አልተለዩንም። ውኃ ያቀርባሉ፣ መቀመጫ ያመቻቻሉ፣ ጥግ ይዘው ያለቅሳሉ። ቋንጣው ከለቀስተኛው ራስ በላይ ተንጠልጥሏል። ቀና ባልኩ ቁጥር አየዋለሁ። በየቤቱም እንዲሁ እንደተሰቀለ አውቃለሁ።

አንድ ቀን እናቴ እንባዋን ጠርጋ «ጾሙ ሲፈታ ይህን ቋንጣ ለነፍሱ ነዳያን አበላበታለሁ» አለች።

ከዚያ ወዲያ ዝም ማለት አቃተኝ። «እማ፣ የገደለው ሥጋው ነው። ሐኪሙ ነግሮናል።»

አጎቴ ወደ ጎረቤታችን ዞረ።

«ሳይቀምሱ የቀሩት ለዚህ ነው?»

እሳቸው ግን እኔን ጠየቁኝ። «ቢደርቅም ይገድላል አለ?»

«አዎ፣ ይገድላል አለ።»

ተነሥተው ወጡ። አጎቴ ዱላውን አንሥቶ ሊከተል ሲል አባቴ በሩ ላይ ቆሙበት። ጎረቤታችን በጆንያ ሸክም ተመለሱና ደጃፉ ላይ አወረዱት። የገዛ ቤታቸው ቋንጣ ነበር።

«ልጆቼ ፍቺው መቼ ነው እያሉ ሲያንጋጥጡለት ነበር» አሉ። አጎቴ ጆንያውን አየ፣ ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ተቀመጠ። አባቴ ዶማ ይዘው ወጡ።

ውኃ ከምንቀዳበት ምንጭ ርቀን ቆፈርን። የእኛንም አወረድን። ሌሎችም ሰምተው እያመጡ ጨመሩ። አቃጥለን ቀበርነው።

አንድ ቤት ግን ቋንጣውን አላመጣም። «እኛም በልተናል፣ ምን ሆንን? የሞተው በቀኑ ነው» ይላሉ። ትናንሽ ልጆች አሏቸው። ጾሙ ሊፈታ ነው። ዛሬም አባቴና ጎረቤታችን እንዲያስረክቡ አብረው ሊለምኗቸው ሄደዋል። እስካሁን አልተመለሱም።