የጠጋኙ ጥያቄ

ልብስ ጠጋኙ የማይለቃቸው አመል ነበረባቸው፤ ቀዳዳው እንዴት እንደመጣ ሳይሰሙ መርፌ አያነሱም። «እንዴት ተቀደደ?» ይሉና አንድ እግሯ በጡብ የተደገፈችውን በርጩማ ገፋ ያደርጋሉ። ደንበኛው ሚስማር ያዘኝ ይላል። እሳቸው ዝም። ቆየት ብሎ እውነቱ ይመጣል፤ ወይ ከወንድሙ ተናንቆ ነው፣ ወይ ሰክሮ ወድቆ። ያኔ ስፌቱን ይፈቱና ከውስጥ ይጀምራሉ።

እዚያው ክፍል ካውያ ላይ የምትውለው ልጃቸው በዚህ ነገር ትበግናለች። ልብሱን ትቶ መሄድ የሚችል ሰው ግማሽ ቀን ይጎለትባታል። ለእሷ አባቷ ወሬ የሚወዱ ሽማግሌ ናቸው፣ አለቀ። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባል የለ፤ እሷ እንደ መዳብም አልቆጠረችው።

ባሏ ጠዋት ወጥቶ ሥራ ላይ ወድቆ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆነው። ከዚያ ወዲህ አላለቀሰችም። ምግቡም፣ ሰዉም፣ የካውያው ትኩሳትም አንድ ሆኖባታል። በሐዘኑ ሰሞን አባቷ እጅጌው የተገነጠለ የባሏን ኮት አልጋዋ ሥር አይተው እንደ አመላቸው ጠይቀዋት ነበር። «ጥያቄዎን ለደንበኛ ያድርጉት» አለቻቸው። ደግመው አልጠየቁም።

ኋላ ላይ ሰዎች መክረዋት አንድ ስመ ጥር መምህር ዘንድ ሄደች፤ ስምንት ሰዓት በአውቶቡስ፣ ሁለት ቀን ወረፋ። ከየት እንደመጣች ነግራ እንባዬ ደረቀ አለቻቸው። መምህሩ የተጠገነ የካባቸውን ጫፍ አሳዩዋት።

«እኔ መድኃኒት የለኝም። ከዓመታት በፊት በእናንተ ከተማ ሳልፍ አንድ ጠጋኝ ይህ እንዴት ተቀደደ አሉኝ። በጡብ በተደገፈች በርጩማ ላይ ተቀምጬ ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኳቸው። እሳቸው ዘንድ ሂጂ።»

ስፌቱን አወቀችው። አልደነገጠችም እንኳ፤ የሁለት ቀኑ ወረፋ ብቻ ከነከናት።

ተመልሳ ኮቱን አወጣችና ካውያዋን ሳታሞቅ በርጩማዋ ላይ ቁጭ አለች። ዕድሜዋን ሙሉ እዚያ ክፍል ስትውል ተቀምጣባት አታውቅም። አባቷ ኮቱን ተቀበሉ፣ አገላበጡ፣ ሳይጠይቁ መርፌ አነሱ።

«አባባ፣ ይጠይቁኝ እንጂ» አለች።

መርፌውን አስቀመጡ። «እንዴት ተቀደደ?»

«ሚስማር ይዞት ነው።»

እሳቸው ዝም።

«ተጣልተን ነበር» አለች ቆይታ። «አትሄድም ብዬ በሩ ላይ ጎተትኩት። ኮቱን ጥሎልኝ ወጣ፤ በዚያው ቀረ።»

እንባ አልመጣም። አባቷ ስፌቱን መፍታት ጀመሩ።