ጋሽ ቦቴና ውሃ የማይወደው አበባ

አባቴን ሰፈሩ የሚያውቀው «ጋሽ ቦቴ» በሚል ስም ነው። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ቧንቧ ወዳልደረሰባቸው ሰፈሮች በቦቴ መኪና ውሃ ሲያመላልስ ኖሯል። ዛሬም የውሃ ቱቦውን ይዞ ግቢውን ካላጠጣ እንቅልፍ አይወስደውም። የታመመ ሰው ሲጠይቅ እንኳ መጀመሪያ የሚለው «ውሃ ጠጥቷል?» ነው።

የእናቴን ዱባ ግን ውሃው አልጠቀመውም። ሐረጉ ግቢውን ሞልቶ ያብባል፤ አበባው ፍሬ ሳይቋጥር ይረግፋል። ንብ ከግቢያችን ከጠፋ ቆይቷል። እናቴ በዚህ ስትበሳጭ ከርማ፣ አንድ ቀን ከመንገድ ዳር የበቀለ ሐምራዊ የዱር አበባ ነቅላ አመጣችና ተከለች።

«ንብ ይጠራልኛል» አለች።

«አረም? በገዛ እጅሽ?» ብሎ ሳቀባት አባቴ።

እህቴ ስትወልድ እናቴ ልትረዳት ሄደች። በር ላይ ቆማ፣ «ዱባውን አጠጣ። አበባዬን ግን እንዳትነካብኝ፤ የደረቅ መሬት ልጅ ነው» አለችው።

አባቴ ግን አንጀቱ አልቆርጥ አለው። ቀትር ላይ ቅጠሉ ጠውለግ ሲል «ተጠምቷል» ብሎ አጠጣው። ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ጨመረለት። «አባዬ፣ ተው» ብለው ማን ሰምቶኝ! በመጨረሻ ሥሩ በስብሶ ተክሉ እጁ ላይ ቀረ። አጥሩ ሥር ካለው የጠጠር ክምር ላይ ጣለው። እናቴ በስልክ «አበባዬስ?» ስትለው «አለ፣ አለ» ይልና ስልኩን ለእኔ ይሰጠኛል።

አንድ ዝናብ ጥሎ ካባራ በኋላ ከጠጠሩ መሃል አረንጓዴ ነገር ብቅ አለ። ለካ የጣለው አበባ ዘሩን አራግፎ ኖሯል። አባቴ ቱቦውን አነሳ፤ ቆመ፤ መልሶ አስቀመጠው። ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ያየዋል። ፀሐይዋ ስትከር እሱን አላበው እንጂ ተክሉ ንቅንቅ አላለም።

አንድ ጠዋት «ነይ፣ ቶሎ ነይ!» ብሎ ጠራኝ። ክምሩ ሐምራዊ ሆኗል፤ ንቦቹ ደግሞ… እግዚኦ! አስፋልትና ሕንጻ ብቻ ባለበት ሰፈር ከየት መጡ? ማን ነገራቸው? አባቴ ቆቡን አወለቀ።

«ጠብታ አልሰጠሁትም እኮ» አለ በሹክሹክታ።

እናቴ ተመልሳ ባዶውን ቦታ ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ። አባቴ እጇን ይዞ ወደ ጠጠሩ ወሰዳት። ጎንበስ ብላ ንቦቹን አየች።

«ምን አደረግህለት?»

«ገደልኩት» አለ። «ከዚያ ተውኩት።»

እናቴ በሳቅ ፈረሰች። ቀጥላ ወደ ዱባው ዞር አለችና አንዱን ሰፊ ቅጠል ገለጥ አደረገች። ጡጫ የምታህል ዱባ ተኝታለች።

«በል፣ ይቺን አጠጣልኝ» አለችው።